ያውቁ ኖሯል? ጦር የወጣበት፣ ጦር የወረደበት ባሌ

ያውቁ ኖሯል? የባሌን ተራራ መጀመሪያ የያዙት የንጉሥ ሠራዊቶች ሳይሆኑ የራባቸው አዳኞች ናቸው! በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰው ከትሞባታል። በዚያ ብርድ ምን እየበላ? የተጠበሰ ፍልፈል! ያውም ግዙፉን ፍልፈል፣ ዛሬም ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የማያገኙትን!

በ14ኛው ክፍለ ዘመን ባሌ 18,000 ፈረሰኛ ያሰልፍ ነበር ተብሎ ተጽፏል! የጻፈው አረባዊው ጸሐፊ አል-ዑመሪ ግን ባሌን በዓይኑ አይቶ አያውቅም! ካይሮ የገቡትን የኛን አገር ሰዎች እየጠየቀ ነው የመዘገበው። የማሊው ንጉሥ ማንሳ ሙሳ ካይሮ ላይ ስለበተኑት ወርቅ ለዓለም ያወራውም ይኸው ሰው ነው! አንድ ብዕር፣ የማሊ ወርቅና የባሌ ፈረስ!

ይህን ሁሉ ፈረሰኛ የሚያሰልፍ አገር ሳንቲም አልነበረውም! የባሌ ገበያ ከብት በበግ፣ በግ በጨርቅ እየተለወጠ የሚውል ገበያ ነበር።

ለኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት የሚገባው ግብርስ? ማርና ሰንጋ ብቻ እንዳይመስልዎ! ባሌን ጨምሮ ሰባቱ የሙስሊም ግዛቶች በየዓመቱ ሐርና የተልባ እግር ጨርቅ ይገብሩ ነበር፤ ጨርቁም የሚመጣው ከግብፅ፣ ከየመንና ከኢራቅ ነው! ባሕር ተሻግሮ፣ በረሃ አቋርጦ፣ ደጋ ወጥቶ፣ በመጨረሻ የደጋው ንጉሥ ትከሻ ላይ!

በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሞንጎል ፈረሰኞች በኩታ ገጠም መሬት ዓለም ያላየችውን ግዙፍ ግዛት ዘርግተው፣ እ.ኤ.አ. በ1258 ባግዳድን አወደሙ። በዚያው ዘመን ገደማ በባሌ አንድ ሰው ያለ ፈረሰኛ ሕዝብ ይሰበስቡ ነበር፤ ሼክ ሁሴን ናቸው! ሞንጎሎቹ ከባግዳድ ከወጡ ዘመናት አለፉ። ወደ መቃብራቸው ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ግን ሰው እስካሁን በየዓመቱ ይጎርፋል!

የተሳላሚው መሣሪያ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ጫፉ እንደ ባላ የተሰነጠቀ በትር! ኡሌ ሼክ ሁሴን ይሉታል። ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከቦረና በትሩን ይዘው፣ እየዘመሩ፣ ብዙዎቹም በእግራቸው ሳምንታት ተጉዘው ይደርሳሉ። በኖራ የነጡት ጉልላቶች ከሩቅ ሲታዩ ዝማሬው ይደምቃል!

ለሼኩ ክብር ጉልላት ካሠሩት አንዱ ደግሞ ማን መሰለዎት? ከዋቤ ሸበሌ ማዶ ያሉት የሐረሩ አሚር ዐብዱሸኩር፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ! ጦር ሳያዘምቱ!

እ.ኤ.አ. በ1532 ባሌን ለኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የያዘላቸው ወዚር አዶሌ ነው። ግን የንጉሡና የኢማሙ ጦር ሲተናነቅ፣ በደቡብ በኩል ሦስተኛ ኃይል ተነሥቶ ነበር! ኦሮሞዎች በመልባ ገዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ1522 ጀምሮ ባሌ ገብተዋል። ሁለት ኃይሎች ዙፋን ሲሻሙ ሦስተኛው መሬቱን ይዞት ቁጭ!

የዚህ ዘመቻ ሰዓት አጠባበቅ ያስደንቅዎታል! በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚረከበው የገዳ ትውልድ ቀዳሚዎቹ ወዳልረገጡት አገር መዝመት ነበረበት። መልባ ባሌን ወጋ። ሙደና የዋቤን ወንዝ ተሻገረ። ኪሎሌ ወደ ደዋሮ ቆላ ወረደ። ቢፎሌ ደዋሮን አልፎ ፈጠጋርን ነካ። በ32 ዓመት አራት ትውልድ፣ አራት እርምጃ!

እስከዚያ ድረስ ደግሞ በእግር ነበር! በፈረስና በበቅሎ መዝመት የጀመረው አምስተኛው፣ የሚችሌ ትውልድ ነው። የአሚር ኑር ጦር እ.ኤ.አ. በ1559 አፄ ገላውዴዎስን ገድሎ፣ ድል በድል ሆኖ ወደ ሐረር ሲመለስ ሐዘሎ ላይ ያደባየው ይኸው ትውልድ ነው! በአንድ ዓመት ውስጥ አሸናፊም ተሸናፊም መሆን ማለት ይህ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፉት የጋሞው ካህን አባ ባሕርይ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ። ጦርነቱ የእሳቸውንም ቤት ዘርፏል! ታዲያ በምሬት ብቻ የጻፉ እንዳይመስልዎ፤ ሽንፈቱን እንደ ሒሳብ ሹም ነው የቆጠሩት! የእኛ ሰው አሥር ወገን ነው፤ ዘጠኙ አይዘምትም አሉ። መነኩሴው አይዘምትም። ደብተራው አይዘምትም። ዳኛው በዳኝነቱ ያመልጣል። የመኳንንቱን ሚስቶች የሚጠብቀው «ጥበቃ ላይ ነኝ» ይላል (ጥሩ ሥራ ነው!)። ሽማግሌው፣ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ አንጥረኛው፣ አዝማሪው ሁሉ ቤቱ ነው። የሚዋጋው አሥረኛው ብቻ! በወዲያ ወገን ግን ከትንሽ እስከ ትልቅ የማይዘምት የለም። ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ የጦር ትንታኔ ነው!

እ.ኤ.አ. በ1884 እና 85 አውሮፓውያን አፍሪካን ለመከፋፈል በርሊን ሲሰበሰቡ አንድም አፍሪካዊ አልተጠራም። እ.ኤ.አ. በ1891 ግን አፄ ምኒልክ ለነገሥታቱ ደብዳቤ ላኩ፤ የጥንቱን የኢትዮጵያ ወሰን እስከ ካርቱምና እስከ ኒያንዛ ሐይቅ እመልሳለሁ አሉ! በዚያው ሰሞን ሠራዊታቸው ባሌን ይዞ ጎባ ላይ ይከትም ነበር። የአርሲ ፈረሰኛ በጦርና በጋሻ ዓመታት የተከላከለው የጠመንጃ ሠራዊት ነው። ደሙ ዛሬም በአርሲና በባሌ ይነገራል።

እ.ኤ.አ. በ1894 አሜሪካዊው ሐኪም ዶናልድሰን ስሚዝ ከሶማሌ ባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፣ በግመል እያሳበረ ሼክ ሁሴን ደረሰ። ቀጥሎስ? የምኒልክ ሰዎች ቀድመውት ደርሰዋል! ወደ ምዕራብ አታልፍም ተባለ፤ መንገዱን አዙሮ ሄደ!

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለበት ዕለት ነው። በዚያው ዕለት የሲዳሞና የባሌ ጦር ቅሪት ጎጌቲ ላይ የመጨረሻ ውጊያውን ገጥሞ አለቀ! የባሌው ገዥ ደጃዝማች በየነ መርዕድ በዚሁ ዘመቻ ወደቁ። ባለቤታቸው ልዕልት ሮማነወርቅ ከልጆቻቸው ጋር በምርኮ ጣሊያን ተወሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1940 እዚያው ቱሪን አረፉ።

የባሌው አማፂ መሪ ዋቆ ጉቱስ? ከእ.ኤ.አ. 1963 እስከ 1970 በባሌ ቆላና ደጋ ከንጉሠ ነገሥቱ ጦር ጋር ሲታኮሱ ኖሩ። በመጨረሻ እጅ ሰጡ። ቅጣታቸው ምን ሆነ? የፊታውራሪነት ማዕረግ! ንጉሡ የወጋቸውን ሰው ሾሙት! ማዕረጉ ግን ብዙ አላቆያቸውም፤ ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ፊታውራሪው ሶማሊያ ገብተው እንደገና ጠመንጃ አነሡ!