ከባልንጀራ ጋር ስለ መሮጥ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከኮተቤ ዋና መንገድ ወደ ሰሜን ታጥፎ ወደ የካ ተራራ የሚያወጣውን የእግር መንገድ የያዘ ሰው፣ በባሕር ዛፉ መካከል ከሚያገኛቸው ሯጮች ውስጥ ብቻውን የሚሮጥ እምብዛም አያይም። ሯጮቹ በሁለት፣ በሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አሥር ሆነው አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ በዛፎቹ መካከል ወዲያና ወዲህ እየታጠፉ ይወጣሉ። የአንድ ሰው ኮቴ እስኪመስል ድረስ እግራቸው መሬት የሚነካው በአንድ ምት ነው። ፀሐይ ወጥታ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች፣ መምህራንና ነጋዴዎች ለጤናችን ብለን በምንወጣበት ሰዓት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያን ጊዜ የሚታየው ሹራብ ደርቦ፣ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ለብቻው የሚያለከልክ ሰው ነው። ይኸው ሰው በሦስተኛው ሳምንት አይገኝም።

እንጀራቸው ሩጫ የሆነው ሰዎች ብቻቸውን መሮጥ የማይወዱ ሲሆኑ፣ ስለ ሩጫ እምብዛም የማናውቀው እኛ ብቻችንን የምንሮጠው ስለ ምንድን ነው? የዚህ ወር ጽሑፋችን ይህንኑ ይመለከታል።

አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት ብንናገር መልካም ይመስለናል። የጤና ትምህርታችንን በውጭ አገር ፈጽመን በተመለስን ጊዜ፣ እዚያ የለመድነውን የማለዳ ሩጫ እዚህም ለመቀጠል አስበን ባለቤታችን አብራን እንድትወጣ ለመንናት። እርሷም ከወለደች ገና ዓመት አልሞላትም ነበርና እያመነታች ተስማማች። በመጀመሪያው ቀን ዳገቱን ስንጀምር ቀስ ብለሽ ተከተዪን ብለን ቀደምናት። ከአናቱ ደርሰን ዘወር ብንል የለችም። ተመልሰን ስንወርድ ከአንድ ግንድ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ አገኘናት። ቁርስ ሳትቀምስ ወጥታ፣ በእኛ ላይ ለመድረስ ስትል ከዐቅሟ በላይ ሮጣ ዞሮባት ነበር። አላፊ አግዳሚው ምን ሆነሽ ነው እያለ ሲጠይቃት ያፈረችው እርሷ ናት፤ ማፈር የሚገባን ግን እኛ ነበርን። የጤና ባለሙያ ተብለን ደመወዝ የምንበላ ሰዎች አብሮ መውጣትንና አብሮ መሮጥን ለይተን አናውቅም ነበር።

አብሮ መሮጥ ማለት የደካማውን ርምጃ መያዝ ነው። ይህም ለደካማው ማዘን ብቻ አይደለም፤ ለጠንካራውም ቢሆን ሐኪም የሚያዝለት ልክ ነው። ለጤናው ብሎ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሊጠብቀው የሚገባው ፍጥነት፣ ማውራት የሚችልበት ነገር ግን መዝፈን የማይችልበት ነው። መዝፈን ከቻለ ዘግይቷል፤ ሁለት ቃል ተናግሮ ትንፋሹ ከተቋረጠ ፈጥኗል። የልብ ምት የሚቈጥር ሰዓት ያልገዛ ሰው ይህን የሚለካው ከአጠገቡ የሚያነጋግረው ሰው ሲኖር ነው። እየሮጡ በስልክ የሚያወሩትን አንቈጥርም።

በእኛ አገር ከፍታ ይህ መለኪያ ይበልጥ ያስፈልጋል። የኮተቤ መንደሮች ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህልና ከዚያም ከፍ ያሉ ናቸው፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ 3000 ሜትር ያልፋል። በ2500 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ለምዶታል፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእግር በመሄድ ቢያሳልፋቸው ይሻላል። እንግዳ ዘመዱን በነጋታው ወደ ተራራ የሚያስሮጥ ሰው ፍቅሩን በሌላ መንገድ ቢገልጽ እንመርጣለን።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ጐልማሳ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ይኸውም በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ከመሄድ ይጀምራል ማለት ነው። ቍጥሩ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ከብርድ ልብሱ መውጣቱ ነው። አንድ ሰው በብርድ ቆሞ እየጠበቀው መሆኑን የሚያውቅ ሰው ግን ይነሣል፤ የሐኪም ምክር ያላስነሣውን ይሉኝታ ያስነሣዋል። ይሉኝታን ብዙዎች ሲነቅፉት እንሰማለን፤ በዚህ ረገድ ግን እኛ ደጋፊው ነን።

የአገራችን የሩጫ ዝናም ቢሆን የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶን ከተሰለፉት ኢትዮጵያውያን የሁለቱ ስም አበበ ነበር። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አንደኛ መውጣቱን ልጅ ሁሉ ያውቃል። አብሮት የተሰለፈው አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ መውጣቱን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ከስምንት ዓመት በኋላ በሜክሲኮ፣ አበበ ቢቂላ በእግሩ ሕመም ምክንያት በ17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያቋርጥ፣ ወርቁን ለአገሩ ያስቀረው ባልንጀራው ማሞ ወልዴ ነው።

ባልና ሚስት ሆነው የሮጡም አሉን። ጥሩነሽ ዲባባ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቤጂንግ የ5000ና የ10000 ሜትር ወርቆችን ስትወስድ፣ ስለሺ ስህን በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 10000 ሜትር ብር አገኘ፤ ሁለት ወር ያህል ቈይተውም በጥቅምት 2001 ዓ.ም. ተጋቡ። ጥሩነሽ በ2007 ዓ.ም. ወልዳ በሚቀጥለው ዓመት በሪዮ በ10000 ሜትር ነሐስ አገኘች። ይህን የጻፍነው ከወለደች ወዲህ ስፖርትን እርግፍ አድርጋ የተወች አንባቢያችን ታስበው ዘንድ ነው፤ ነሐስ አምጪ አንላትም።

ይሁን እንጂ የትዳር ጓደኛ ሁልጊዜ ከሁሉ የተሻለ የሩጫ ባልንጀራ ነው ብለን አናስተምርም። የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ እየተነሣ የሚካሄድ ሩጫ ልብን ያደክማል እንጂ አያጠነክርም። በአንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ፣ ዐቅማቸው የተቀራረበ ሁለት መምህራት ብዙ ጊዜ ከባልና ሚስት ይልቅ ሲሰነብቱ አይተናል። ሴት ብቻዋን ስትሮጥ የሚያጋጥማት ለከፋም ሁለት ሲሆኑ ይቀንሳል፤ ይህን ስንል ግን ጥፋቱ የለካፊው መሆኑን መምህራን ለወንዶች ተማሪዎቻቸው እንዲያስረዱልን አደራ እንላለን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። ታኅሣሥ 26 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ የገና በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቀነኒሳ በቀለና እጮኛው ዓለም ተጫሌ ለማለዳ ልምምድ በአዲስ አበባ ዳርቻ ወደሚገኝ ጫካ አብረው ወጡ። እርሱ ባለፈው ነሐሴ በአቴንስ የ10000 ሜትር ወርቅ ያገኘ ነበር፤ እርሷም በ1995 ዓ.ም. በካናዳ በተደረገው የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮና በ1500 ሜትር ያሸነፈች፣ ዕድሜዋ ገና ከሃያ በታች የሆነ ሯጭ ነበረች። በዚያው ዓመት ሊጋቡ አስበው ነበር። በሩጫው መካከል ዓለም ወደቀች። ወደ ሐኪም ቤት ብትወሰድም ሕይወቷን ማትረፍ አልተቻለም። በጊዜው የልብ ድንገተኛ ሕመም ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ቀነኒሳ በመጋቢት ወር በፈረንሳይ አገር በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ፤ ነሐሴ 20 ቀን ደግሞ በብራስልስ 10000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሻለ።

ያን ጊዜ እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ወሬው በክፍላችን ሲሰማ የነበረውን ጸጥታ እስከ ዛሬ አንረሳውም። የምናነሣውም የማንንም ኀዘን ለማደስ አይደለም፤ ሊደረግ የሚቻለው ሁሉ ተደርጎ እንኳ የማይድን ሰው አለ። ነገር ግን ጥያቄው ከዚያ ወዲህ ከልባችን አልወጣም፤ አብሮን የሚሮጠው ሰው ከፊታችን ቢወድቅ ምን እናደርጋለን?

በከተማችን ሰው ሲወድቅ የሚሆነውን ሁላችንም አይተናል። አንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል፤ ሌላው ውሃ ይደፋበታል፤ ሦስተኛው አፉን ከፍቶ ሊያጠጣው ይታገላል፤ የቀረው ዙሪያውን ከቦ ይመለከታል። ክብሪቱ ማንንም አያስነሣም፤ ራሱን ለሳተ ሰው የሚሰጥ ውሃም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ሊደረግ የሚገባው ይህ ነው። ትከሻውን እየነቀነቁ በኀይለ ቃል መጥራት። ካልመለሰ፣ አተነፋፈሱም ከቆመ ወይም እንደሚያንኮራፋ ሰው አልፎ አልፎ ብቻ አየር የሚስብ ከሆነ፣ ልቡ ቆሟል ብሎ መያዝ ይገባል። ጮኾ ሰው መጥራትና በ907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ መደወል፤ ወዲያውም በጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው አጋድሞ፣ የአንዱን መዳፍ ግርጌ በደረቱ መካከል አሳርፎ፣ ሌላውን እጅ በላዩ ደርቦ፣ ክርንን ሳያጥፉ ደረቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እስኪጐደጕድ መጫን፣ መልቀቅ፣ ደግሞ መጫን። ይህም በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው። ሌላ ሰው ካለ በየሁለት ደቂቃው መለዋወጥ ይገባል፤ ረዳት እስኪደርስ ወይም ሰውየው እስኪነቃ ድረስ ግን ማቆም የለም። የጎድን አጥንቱ ቢሰነጠቅስ? ይሰነጠቅ፤ አጥንት ይጠገናል።

አንጎል ያለ ደም የሚቈየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። አምቡላንስ ከዋናው መንገድ ተነሥቶ እስከ የካ ጫካ ውስጥ ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ አንባቢ ራሱ ይገምት። በዚያ ቦታ ሐኪሙ ባልንጀራው ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሆነው ለመሮጥ የተስማሙ ሰዎች ከጫማ አስቀድመው ይህን ቢማሩ፣ ከዚያም በቤታቸው በትራስ ላይ ቢለማመዱት እንወዳለን። ትራሱ የሰው ደረት አይደለም፤ ክንድንና አቈጣጠርን ለማስለመድ ግን ይበቃል።

ቀድሞ ማወቅ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። በሩጫ መካከል ራሱን ስቶ የሚያውቅ፣ ሲሮጥ ደረቱን የሚያመው ወይም የሚጫነው፣ ልቡ ያለ ሥርዐት የሚዘልበት፣ ወይም ከቤተ ሰቡ መካከል በወጣትነት በድንገት የሞተ ዘመድ ያለው ሰው ሩጫ ከመጀመሩ በፊት ይመርመር። በአገራችን አንድ ሌላ ነገር አለ። በልጅነት ሳይታከም የሚያልፍ አንዳንድ የጉሮሮ ሕመም፣ በተለምዶ ቶንሲል የምንለው፣ ከጊዜ በኋላ የልብን ቫልቮች ሊያበላሽ ይችላል። መድኃኒቱ ሐኪም የሚያዝዘው ፔኒሲሊን ነው እንጂ እንጥል ማስቈረጥ አይደለም። ውድ መምህራን፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ከእኩዮቹ ቀድሞ ትንፋሽ የሚያጥረውን ልጅ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰድ ለወላጆቹ ንገሩ።

የቀረውን ባጭሩ እንናገራለን። ጨለማው ሳይገፍ ወደ ጫካው አትግቡ፤ ጅቡ ገና ወደ ጐሬው አልተመለሰም። በዋናው መንገድ ዳር የምትሮጡ እንደ ሆነ የጭነት መኪናዎቹ ከመብዛታቸው በፊት ጨርሱ። ውሻ ከነከሳችሁ ቍስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ባለቤቱ ውሻዬ ጤነኛ ነው ቢልም ሂዱ።

እኛና ባለቤታችን ዛሬ የምንወጣው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነው። ከዚያች ቀን በኋላ ሁለት ወር ሙሉ በእግር ብቻ ሄድን፤ ከዚያ ከአንዱ የመብራት ምሰሶ እስከ ሌላው እየሮጥን፣ እስከሚቀጥለው እየተራመድን፣ እንደዚሁ ቀስ በቀስ ዳገቱን ለመድነው። አሁን ከአናቱ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚሻ አንባቢ ቢኖር፣ እርሷ ናት።