ዓሣ በክረምት ለምን ይከለከላል?

ጣና ዳር ያለ አጥማጅ፣ «ዓሣው በደጄ እየጎረፈ ለምን አትያዝ ትሉኛላችሁ?» ቢል አይፈረድበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆሮሶ የሚራባው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ነው። ላቤዮባርበስ ከሚባሉት የጣና ዓሦች ብዙዎቹ ግን ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ወንዞች ይወጣሉ፤ ዕንቁላላቸውንም ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ይጥላሉ። ጭቃ ከሸፈነው ዕንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ታዲያ በወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው የሚይዘው ዕንቁላል የተሸከመችውን እናት ነው። ለገበሬ ብንነግረው፣ ዘሩን ፈጭቶ እንደ መብላት ነው። በደንገል ታንኳ ዘመን ጉዳቱ ያን ያህል አልነበረም፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከመጡ በኋላ ግን የእነዚህ ዓሦች ብዛት በእጅጉ ወረደ።

በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ወጥቷል። ግን ክረምት የአጥማጁም ጎተራ የሚራቆትበት ወቅት ነው፤ መሬት የሌለው ሰው መረቡን ሰቅሎ ልጆቹን ምን ያብላ? ስለዚህ የሚዘጋው የወንዙ አፍ እንጂ ሐይቁ በሙሉ መሆን የለበትም፤ እሱ መሃል ገብቶ ቆሮሶውንና አምባዛውን ያጥምድ። የሚዘጋበትም ቀን አስቀድሞ ይነገረው፤ መረቡን በብድር የገዛ አጥማጅ አለና።