የባዶ እግር መዘዝ

ጫማ ሳያደርግ በቀይ አፈር ላይ የሚያርስ ሰው፥ ተረከዙ ነቅቶ ቢያመው ነገሩን አቃልሎ ያየዋል። ዳሩ ግን በደብረ ኤልያስ፥ በደንበጫና በሌላውም የጎጃም ደጋ ብዙ ሰዎችን ከእርሻና ከገበያ የሚያስቀረው የእግር እብጠት መነሻው ይኸው ባዶ እግር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 በአገራችን በተደረገ ጥናት፥ ከተመረመሩት አዋቂዎች ከ100ው 4 ያህሉ ይኸው በሽታ ተገኝቶባቸዋል።

ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። በቀይ አፈር ውስጥ ያለው ደቃቅ ማዕድን በእግር ቆዳ በኩል እየገባ፥ የሰውነት ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያቆስላል፤ ይዘጋቸዋልም። በመጀመሪያ እግር ያሳክካል፥ ያቃጥላል፤ ማታ ያበጠው ጧት ይጎድላል። እየቆየ ግን እብጠቱ ይጸናል።

ብዙዎች እርግማን ወይም ተላላፊ ደዌ መስሏቸው ከታመመው ቤተሰብ ጋር መጋባትን ይሸሻሉ። ይህ ስሕተት መሆኑን እንገልጻለን። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዘር የሚወረሰው በአፈሩ በቀላሉ የመጠቃት ጠባይ ነው፤ እንዲህ ያለውም ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግ ከሕመሙ ይጠበቃል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን፦

1ኛ/ ልጆች መራመድ ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ ጫማ ያድርጉ፤ በእርሻም ላይ አይውለቅ።

2ኛ/ በየማታው እግርን፥ የጣቶቹን መካከል ጭምር፥ በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፤ የነቃውን ተረከዝ ቫዝሊን መቀባት ይገባል።

3ኛ/ እግሩ ያበጠ ሰው ሲቀመጥና ሲተኛ እግሩን ከፍ ያድርግ። ቁስል ወይም ትኩሳት ቢታይበት ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እብጠቱ በጊዜ ከተያዘ ይቀንሳል። ታማሚውን ከማግለል ይልቅ ውኃ ማቅረብ፥ ጫማም መግዛት እውነተኛ እርዳታ ነው።