ከልጆች ጋር ረጅም መንገድ፦ ከፒያሳ እስከ አርባ ምንጭ

እግዚአብሔር በሙሴ በኩል ለእስራኤል ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲያስተምሩ ሲያዛቸው፣ የት የት እንደሚያስተምሯቸውም ነግሯቸዋል። በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ ስለ ቃሉ እንዲናገሯቸው አዘዘ (ዘዳ. 6፥6-7)። እኛ የወንጌል አማኞች ስለ ቤቱ ብዙ ተምረናል። የቤተሰብ ጸሎትና የማታ የቃል ጊዜ በየአጥቢያችን የሚሰበኩ ነገሮች ናቸው። ስለ መንገዱ ግን እምብዛም አንነጋገርም። ይህ ጽሑፍ ከልጆች ጋር የሚደረግ ረጅም ጉዞ እንዴት ታቅዶ የትምህርት ጉዞ ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

በአገራችን ልጆቻቸውን ሙሉ በሙሉ በቤት የሚያስተምሩ ቤተሰቦች ጥቂት ናቸው። በአሜሪካ የቤት ትምህርት በሃምሳዎቹም ግዛቶች የተፈቀደ በመሆኑ፣ በዚያ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ይህን መንገድ የመረጡ አሉ። እኛም ብንሆን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፣ ሳንዘጋጅበት የቤት መምህራን ሆነን ነበር። ስለዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ዕቅድ በቤት ለሚማሩ ልጆችም፣ በዕረፍት ጊዜ ለሚጓዙ ተማሪዎችም ይሆናል።

ድንጋዩና የሚናገርለት ሰው

እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ ኢያሱ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች አስወስዶ በጌልገላ አቆመ። ድንጋዮቹ የቆሙት ወደፊት ልጆች አይተው እንዲጠይቁ፣ አባቶችም እግዚአብሔር ያደረገውን እንዲነግሯቸው ነበር (ኢያሱ 4፥6-7፣ 21-24)። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን እናያለን፤ የሚታይ ምልክት፣ የሚጠይቅ ልጅና የሚመልስ ወላጅ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ትምህርቱ ይቋረጣል። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ እግዚአብሔርንና ለእስራኤል ያደረገውን ሥራ የማያውቅ ትውልድ እንደ ተነሣ እናነባለን (መሳ. 2፥10)። መጽሐፍ ድንጋዮቹ ፈረሱ አይለንም። ምልክት ቆሞ እያለም ትውልድ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ የቤተሰብ ጉዞ ሲታቀድ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት እንሂድ?» ከመሆኑ በፊት «ለልጆቻችን ምን እንንገራቸው?» መሆን አለበት። ብዙ ቦታ አይቶ ምንም ሳይጠይቅ የተመለሰ ልጅ ተዝናንቶ ይሆናል እንጂ አልተማረም።

ከዜሮ ኪሎ ሜትር መነሣት

ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ቤተሰብ ጉዞውን ከአራዳ ቢጀምር መልካም ነው። በፒያሳ የተሠራውና በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በግንባታ ላይ ሳለ «ዓድዋ ዜሮ ዜሮ ኪሎ ሜትር» ይባል ነበር፤ ስሙ ከዋና ከተማው የሚወጡ መንገዶች ርቀት የሚቆጠርበትን መነሻ የሚያስታውስ ነው። ልጁ የጉዞ ደብተሩን እዚህ ይክፈትና «ዜሮ ኪሎ ሜትር» ብሎ የመጀመሪያውን መስመር ይጻፍ።

መኪናው ወይም አውቶቡሱ ከመነሣቱ በፊት ባለው ቀን፣ ግማሽ ቀን ለአራዳ በእግር ይሰጥ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በድሮው ዘመን የከተማዋ ትልቅ ገበያ ነበር፤ ገበያው ወደ አዲስ ከተማ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ የተወሰደው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። «ፒያሳ» የሚለውም ቃል ጣሊያንኛ ሲሆን ትርጉሙ አደባባይ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ተመረቀ፤ ወራሪው ከስፍራው አነሣው፤ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጥቂት ወረድ ሲሉ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች የተገደሉት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ይገኛል።

አንዳንድ ወላጆች «ይህ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ አይደለም» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ይህ የአገራችን ታሪክ ነው፤ እግዚአብሔርም የአሕዛብን ዘመንና የመኖሪያቸውን ድንበር የወሰነ አምላክ መሆኑን ጳውሎስ ለአቴና ሰዎች ተናግሯል (ሐዋ. 17፥26)። ልጆቻችን ስለ ሌሎች ክርስቲያኖች በአክብሮት መናገርን የሚማሩት ከእኛ አንደበት ነው። የእምነት ልዩነት ካለ በእርጋታ ይነገራቸው፤ ንቀት ግን አይማሩ።

በአራዳ አንድ ተጨማሪ ትምህርት አለ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ሰፊ የማፍረስ ሥራ ተካሂዶ ብዙ ነባር ቤቶች ፈርሰዋል፤ ብዙ ነዋሪዎችም ወደ ከተማዋ ዳር ተዛውረዋል። ከምእመናን መካከል የተወለዱበት ግቢ ዛሬ የመኪና መንገድ የሆነባቸው አሉ። ልጁ እዚያ ቢቆም የሚያየው አስፋልትና መብራት ነው። አያት ወይም አጎት አብሮት ካለ ግን «እዚህ ጋ የጋራ ቧንቧችን ነበር፤ ከዚያ ማዶ ተሰብስበን እንጸልይ ነበር» ይለዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ድንጋዩም ስለሌለ፣ የቀረው የሰው አንደበት ብቻ ነው። አረጋውያኑ በሕይወት ሳሉ ይዘናቸው እንሂድ።

ወደ ደቡብ፦ አንድ የዕቅድ ምሳሌ

መንገዱን እንደ ምሳሌ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ አርባ ምንጭ እናድርገው። አርባ ምንጭ ለመድረስ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን መንገድ የመረጥነው የብዙዎቻችን የወንጌል ታሪክ በዚያ ስለሚያልፍ ነው።

የመጀመሪያው ማረፊያ መልካ ቁንጥሬ ነው፤ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ ይገኛል። እጅግ ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ይህ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመዘገበው የጢያ ትክል ድንጋይ አለ። በጢያ 36 ድንጋዮች ሲኖሩ ከእነርሱ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው፤ በብዙዎቹ ላይ የሰይፍ ምስል ይታያል። የአብዛኞቹ ምልክቶች ትርጉም ግን እስከ ዛሬ በትክክል አይታወቅም። ያቆሟቸው ሰዎች ብዙ ደክመዋል፤ መልእክቱን ተቀብሎ ለእኛ ያደረሰ ግን የለም። መጽሐፍ ቅዱሱን እዚህ ቆመን ኢያሱ ምዕራፍ 4ን ከልጆቻችን ጋር ብናነብ፣ የጌልገላ ድንጋዮች ለምን አባት እንዳስፈለጋቸው ያለ ብዙ ስብከት ይገባቸዋል።

ከቡታጅራ አልፎ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሶዶ ሲቀጥሉ የወንጌል ታሪክ ይጀምራል። በ1920 ዓ.ም. ሐኪሙ ዶክተር ቶማስ ላምቢና ባልንጀሮቻቸው ከአዲስ አበባ በበቅሎ ወደ ደቡብ ወጡ፤ በከምባታና ሐድያ፣ በወላይታና በሲዳማ አገር የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሥራ ተጀመረ። ዛሬ በአንድ ቀን የሚኬደው መንገድ በበቅሎ ስንት ቀን ይፈጅ እንደ ነበር ልጆቹ ያስሉት፤ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ብለው ቢያካፍሉ ጥሩ የሒሳብ ጥያቄ ይሆናል።

በሶዶ የሚነገረው ታሪክ ግን ከቁጥር በላይ ነው። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች የመጨረሻዎቹን ሚሲዮናውያን ከወላይታ ሲያስወጡ፣ የተጠመቁት አማኞች መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። በቋንቋቸው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ አልነበራቸውም። እንደ ዋንዳሮ ያሉ መሪዎች ታስረዋል፤ ተገርፈዋል። ከጦርነቱ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ የአማኝ ቁጥር እንደ ነበር በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ተጽፏል። ልጁን «ሚሲዮናውያኑ በሌሉበት ማን አስተማራቸው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ራሱ ይድረስበት፤ ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ወላጅ ልጁን አስተማረ። በሶዶ ከእሑድ ጋር የሚገጥም ቀን ቢመረጥ ቤተሰቡ ከአጥቢያ ምእመናን ጋር ሊያመልክ፣ ልጆቹም የእነዚያን አማኞች የልጅ ልጆች ሊያገኙና ሊጠይቁ ይችላሉ።

አርባ ምንጭ የፍጥረት ትምህርት ቤት ናት። ከደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲወረድ ሙቀቱ፣ ዛፉና የቤቱ አሠራር እንዴት እንደሚለወጥ ልጆቹ ይመዝግቡ። አባያና ጫሞ ሐይቆችን የሚለየውን ምድር የአገሩ ሰው «የእግዜር ድልድይ» ይለዋል። በተራራው ላይ የሚኖሩት ዶርዜዎች በሸማ ሥራቸው የታወቁ ናቸው። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ ሲሸጥ ያየ ልጅ፣ የሙያውን አንዱን ምንጭ እዚህ ያገኛል።

ዕቅዱን በተግባር

አንደኛ፣ ጊዜ። በቤት የሚማሩ ልጆች ትልቁ ጥቅም ከትምህርት ቤት ቀን መቁጠሪያ ነጻ መሆናቸው ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ምድሪቱ በምታምርበት በጥቅምት ወይም በኅዳር መጓዝ ይችላሉ። ተማሪዎች ከሆኑ የሴሚስተሩ ዕረፍት ይመረጣል። በክረምት የሚጓዝ ለዝናቡና ለጭቃው ትርፍ ቀን ይያዝ።

ሁለተኛ፣ ልክ። ትናንሽ ልጆች ካሉ በቀን ከአራት ወይም ከአምስት ሰዓት በላይ መንገድ አይኬድ። በቀን አንድ ዋና ቦታና አንድ ዋና ጥያቄ ይበቃል። ሰባት ወይም ስምንት ቀን ላለው ጉዞ አንዱ ቀን ሙሉ ዕረፍት ይሁን።

ሦስተኛ፣ የሥራ ክፍፍል። አንዱ ልጅ ካርታ ያዥ፣ ሌላው ገንዘብ መዝጋቢ፣ ሌላው ጸሎት መሪ ይሁን። ገንዘብ መዝጋቢው ለነዳጅ ወይም ለትኬት፣ ለምግብና ለማደሪያ የወጣውን በየማታው ይደምር። መጻፍ ያልጀመረ ልጅ ያየውን ይሣል።

አራተኛ፣ ወጪ። መኪና የሌለው ቤተሰብ ይህ አይመለከተኝም አይበል። በሕዝብ አውቶቡስ ከከተማ ወደ ከተማ እየተጓዙ፣ ዘመድና ምእመናን ዘንድ እያደሩ መሄድ ይቻላል። ብዙ ጊዜ የአውቶቡስ ተጓዥ ልጅ ከሰው ጋር ስለሚጨዋወት የበለጠ ይማራል። ወደ ሰው ቤት ስትሄዱ ግን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ባዶ እጃችሁንም አትሂዱ።

አምስተኛ፣ ደኅንነት። ባለንበት ጊዜ በብዙ የአገራችን መንገዶች የጸጥታው ሁኔታ በየወቅቱ ይለዋወጣል። ከመነሣታችሁ በፊትም፣ በየማለዳውም በቀጣዩ ከተማ ለሚገኙ ወገኖች ደውላችሁ ጠይቁ። በሌሊት አትጓዙ። መንገዱ መልካም አይደለም ከተባለ ጉዞውን ማስተላለፍ አለማመን ሳይሆን ማስተዋል ነው። በየማረፊያው ልጆቻችሁን ቁጠሩ፤ ጌታ ኢየሱስ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ወላጆቹ ከዘመዶች ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄደው ነበር (ሉቃ. 2፥43-44)።

ከዚሁ ታሪክ ሌላም ነገር እንማራለን። ያ ቤተሰብ በየዓመቱ ወደ ኢየሩሳሌም ይጓዝ ነበር፤ ልጁም በመቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ ተገኘ። ልጅ ሲጠይቅ መልሱን ባናውቀው «አላውቀውም፤ አብረን እንፈልገው» ማለት አያሳፍርም። የሚያሳዝነው ልጁ መጠየቁን የተወ ዕለት ነው።

ከጉዞው በኋላ

ጉዞው ቤት ሲገባ አያልቅም። ደብተሩ ይነበብ፤ ካርታው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ልጁ ያየውንና የሰማውን በልጆች አገልግሎት ወይም በቤት ኅብረት ለዐሥር ደቂቃ እንዲናገር ዕድል ይሰጠው። ለሌላው የተናገረው ነገር በልቡ ይቀመጣል፤ የሰማውን የሚያስተላልፍ ትውልድም እንዲህ ይጀምራል (መዝ. 78፥4-7)። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መንገድ በዚሁ መልክ ሊታቀድ ይችላል። ሰላም ሲሆን መጽሐፍ ቅዱስን ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ ወደ ኦሮምኛ የተረጎመውን የአናሲሞስ ነሲብን ታሪክ ይዞ ወደ ነቀምት መሄድ አንዱ ነው።

ረጅሙን ጉዞ ዘንድሮ ማድረግ የማይችል ቤተሰብ በሚመጣው ቅዳሜ ግማሹን ቀን ለአራዳ ይስጥ። አንድ ደብተር፣ አንድ አረጋዊና የሚጠይቅ ልጅ ይበቃሉ። እግዚአብሔር መውጣታችሁንና መግባታችሁን ይጠብቅ፤ ለልጆቻችሁም ሥራውን የምትነግሩበትን አንደበት ይስጣችሁ። አሜን።