ግርሻ፦ በአርሲ ደጋ የክረምቱን ብርድ ተከትሎ የሚመጣው ትኩሳት

ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አሰላና በጭላሎ ተራራ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ክረምቱ ሲበረታ ሰዉ ልብስ ይደራርባል። ገላ መታጠብ ይከብዳል፤ የታጠበ ጋቢም በሁለትና በሦስት ቀን አይደርቅም። ለቅማል ከዚህ የተመቸ ጊዜ የለም። ቅማል ሲበዛ ደግሞ በሕዝቡ ዘንድ «ግርሻ»፣ በጤና ባለሙያዎች አጠራር «የሚያገረሽ ትኩሳት» የሚባለው በሽታ መንገድ ያገኛል። በሽታው በአብዛኛው ዓለም የታሪክ መጻሕፍት ጉዳይ ከሆነ ቆይቷል። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ግን ዛሬም ጤና ጣቢያዎች በየክረምቱ የሚጠብቁት እንግዳ ነው።

እ.ኤ.አ. ከሐምሌ እስከ ኅዳር 2016 ባሉት ወራት፣ ማለትም ከ2008 ዓ.ም. ክረምት አንሥቶ እስከ 2009 ዓ.ም. መኸር፣ በአርሲ ዞን በከተማ ነዋሪዎች መካከል የግርሻ ወረርሽኝ ተከስቶ እንደነበር በሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት መዝግቧል። ጥናቱን ካካሄዱት መካከል በአሰላ የአርሲ ዩኒቨርሲቲና የጀርመኑ የዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ከሚሠሩበት የሂርሽ የትሮፒካል ሕክምና ተቋም ጋር የተያያዙ ሐኪሞች ይገኙበታል። እዚህ ላይ «የከተማ ነዋሪዎች» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባል። ግርሻ የገጠር ድህነት በሽታ ነው የሚለው ግምት በከተማው ሕዝብ ዘንድ የተለመደ ነው። በሽታው ግን የሚከተለው ብርድንና መጨናነቅን ነው። በአንድ ክፍል ብዙ ሰው የሚያድርበት ርካሽ ማደሪያ፣ ማረሚያ ቤት፣ የቀን ሠራተኞች መጠለያና ቅያሪ ልብስ የሌላቸው ሰዎች የሚያድሩበት በረንዳ ሁሉ ይመቹታል።

የበሽታው ታሪክ ከጦርነትና ከስደት ጋር የተቆራኘ ነው። ጀርሙን ለመጀመሪያ ጊዜ በአጉሊ መነጽር ያየው ኦቶ ኦበርማየር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን፣ ይህም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ በበርሊን ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሩሲያና በምሥራቅ አውሮፓ ሚሊዮኖችን አጥቅቷል። በአገራችንም በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሥርዓት ሲወድቅ ወታደሮች በተሰበሰቡባቸው ካምፖች ወረርሽኝ ሆኖ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ከአፍሪቃ ቀንድ ተነሥተው አውሮፓ በደረሱ ስደተኞች ላይ ሲገኝ፣ በሽታውን ከመጽሐፍ በቀር አይተውት የማያውቁ የአውሮፓ ሐኪሞች በአጉሊ መነጽር ሥር ሊያዩት ችለዋል።

ብዙ ሰው ቅማል ነክሳ በሽታውን የምታስተላልፍ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። «ቦሬሊያ» የሚባለው ጀርም የሚራባው በቅማሏ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ በንክሻዋ ብቻ ወደ ሰው አይሻገርም። የሚሻገረው ቅማሏ ስትፈርጥ ነው። ሰው ሲያከክ በጥፍሩ ያፈርጣትና ፈሳሹ በተላጠው ቆዳ ወይም ዓይንን በማሻሸት ወደ ሰውነት ይገባል። ፀሐይ እየሞቁ ልብስ መቀመልና ቅማልን በጥፍር ማፍረጥ በየደጃፉ የሚታይ የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ በግርሻ ወቅት ለበሽታው በር መክፈት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቅማል የጤናማ ሰውን ሙቀት ትወዳለች። ሰውየው ትኩሳት ሲይዘው ወይም ሞቶ ገላው ሲቀዘቅዝ ጥላው ወደ ሌላ ሰው ትሄዳለች። በሽተኛውን ያቀፈ፣ አብሮት የተኛ ወይም ልብሱን የለበሰ ሰው ቀድሞ የሚታመመውም በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል የዚህ በሽታ ማደሪያ ሰው ብቻ ነው። ከብት፣ በግም ሆነ ውሻ አያስተላልፈውም። የሚያስተላልፈው ዋነኛው ተባይ በልብስ ስፌት ውስጥ የምትኖረው የሰውነት ቅማል እንጂ በልጆች ፀጉር ውስጥ የምትታየው የራስ ቅማል አይደለችም።

ምልክቶቹ የሚጀምሩት ጀርሙ ከገባ ከአራት እስከ 18 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ይኖራል። አንዳንዱን ሰው ይነስረዋል፤ የሌላው ዓይን ቢጫ ይሆናል። ትኩሳቱ አምስት ቀን ያህል ቆይቶ በድንገት ይተወውና ታማሚው ዳንኩ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከሳምንት ገደማ በኋላ ትኩሳቱ ያገረሻል። ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው።

ለምን እንደሚመለስ ለአርሲ ገበሬ ማስረዳት አይከብድም። ከቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ወጥቶ በአርሲና በባሌ በስፋት ይዘራ የነበረው «ዲገሉ» የስንዴ ዝርያ ለዓመታት ዋግን ተቋቁሞ ቆይቶ፣ በ2006 ዓ.ም. የምርት ዘመን በአዲስ የግንድ ዋግ ዘር ተመትቷል። ዝርያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዋጉ ነው። የግርሻ ጀርምም በሰው ደም ውስጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሰውነት የመጀመሪያውን ጀርም ለይቶ ሲያጠፋው ትኩሳቱ ይበርዳል። ጥቂት ጀርሞች ግን የላይ ሽፋናቸውን ለውጠው ይተርፋሉ። ሰውነት አዲሶቹን እስኪያውቃቸው ድረስ ይራባሉ፤ ትኩሳቱም ይመለሳል። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው፤ ዋግ በዓመታት የሚያደርገውን ይህ ጀርም በሳምንት ውስጥ ይፈጽመዋል።

ሕክምና ካላገኙ ታማሚዎች መካከል ከመቶ ከ10 እስከ 40 የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ። በወቅቱ የታከሙት ግን ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። ሕክምናውም ቀላል ነው። ብዙውን ጊዜ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ወይም አንድ ጊዜ የሚወሰድ የቴትራሳይክሊን ወይም የዶክሲሳይክሊን መድኃኒት ይበቃል። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት ባለሙያው ሌላ ተስማሚ መድኃኒት ይመርጣል። በሽታው ፅንስ ሊያስወርድ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት ትኩሳት ሲይዛት አንድም ቀን ማዘግየት የለባትም።

ችግሩ ያለው ከመድኃኒቱ በፊት ነው። በቀበሌ ደረጃ ያለው ጤና ኬላ ትኩሳት ያለበትን ሰው የሚመረምረው በጣት ደም በሚሠራ ፈጣን የወባ መመርመሪያ ነው። ይህ መመርመሪያ ወባን እንጂ ግርሻን አያሳይም። ግርሻ የሚታወቀው ትኩሳቱ ባለበት ሰዓት የተወሰደ ደም በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ተነክሮ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ነው። አጉሊ መነጽር ያለው ደግሞ ጤና ጣቢያ ነው። ስለዚህ በጤና ኬላ «ወባ የለብህም» የተባለ ሰው ተመርምሬ ነጻ ሆኛለሁ ብሎ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም። የመላኪያ ወረቀት ጠይቆ በዚያው ትኩሳት ወደ ጤና ጣቢያው መድረስ ይኖርበታል። ከባቱ፣ ከመቂ ወይም ከሌላ የስምጥ ሸለቆ ቆላ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ከሆነ ወባም ግርሻም ሊጠረጠር ይችላል፤ አንዱ የደም ምርመራ ሁለቱንም ያሳያል። ትኩሳት በያዘው ሰው ሁሉ ላይ «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚል ስም እየለጠፉ መድኃኒት መስጠት በከተሞች የተለመደ ሆኗል፤ ብዙ ታማሚም በዚህ መንገድ ቀናት ያጠፋል።

ሁለተኛው ችግር ቤተሰብን የሚያስደነግጥ ነው። መድኃኒቱ በተሰጠ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ብዙ ታማሚዎች በኃይል ይንቀጠቀጣሉ፤ ትኩሳታቸው ይጨምራል፤ ቀጥሎም የደም ግፊታቸው ሊወርድ ይችላል። ጀርሞቹ በአንድ ጊዜ በብዛት ሲሞቱ ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ ነው። ይህን ያላወቀ አስታማሚ «መርፌው ሊገድለው ነው» ብሎ ታማሚውን ተሸክሞ ወደ ቤት ይወስደዋል። በዚያች ሰዓት ግን ታማሚው ከአልጋ መነሣት የለበትም፤ ባለሙያ ግፊቱን እየለካ፣ እንደ አስፈላጊነቱ ፈሳሽ እየሰጠ ሊከታተለው ይገባል። ከመድኃኒት ቤት ወይም ከጎረቤት የተገኘ እንክብል ቤት ውስጥ መዋጥ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ መንቀጥቀጡ የሚመጣው ግፊት የሚለካ ሰው በሌለበት ነው።

የሕብረተሰብ ጤና ሥራው የሚጀምረው አንድ ታማሚ ከተገኘ በኋላ ነው። የሚያገረሽ ትኩሳት ከታች እስከ ላይ በየሳምንቱ ሪፖርት ከሚደረግባቸው በሽታዎች አንዱ ነው። ከጤና ኬላው የሚነሣው ቁጥር በጤና ጣቢያው፣ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና በዞኑ በኩል አልፎ ወደ ክልልና ወደ ፌዴራል ይደርሳል። ቁጥሩ ከተለመደው ሲያሻቅብ ታማሚው የት ያድር እንደነበር፣ ከማን ጋር እንደተኛና ልብሱን ማን እንደለበሰ ይጠየቃል። አብረውት የነበሩት ይመረመራሉ፤ ልብሳቸውም ከቅማል ይጸዳል። አርሲ ታማሚን በስሙና በቤቱ እየተከታተሉ ማከምን ቀድሞ የለመደ አካባቢ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ መድኃኒቱን በባለሙያ ፊት የሚወስድበት አሠራር በኢትዮጵያ በሙከራ ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 በአርሲና በባሌ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ክትትል ወራት ይጠይቃል። ግርሻ የሚጠይቀው የአንድ ቀን ሕክምናና የአንድ ሌሊት ጥበቃ ነው።

በገጠሩ ይህን ሥራ የሚሸከሙት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። መርሐ ግብሩ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሠልጣኝ ሴቶች እንዲመደቡ፣ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ለሚሆን ሕዝብ አንድ ጤና ኬላ እንዲኖር፣ አምስት ያህል ጤና ኬላዎችም በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር እንዲታቀፉ ተወስኗል። ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር ክትባትን፣ የእናቶችን ክትትልንና መጸዳጃ ቤትን ስትጠይቅ ስለ ልብስና ስለ መኝታም ትጠይቃለች። በዚህ ጥያቄ ላይ ግን ሰዉ ይሽኮረመማል። ቅማል አለብኝ ማለት ነውር ነው። ታማሚው ትኩሳቱንና ራስ ምታቱን ይናገርና ማሳከኩን ይደብቃል፤ ባለሙያውም ካልጠረጠረ አይጠይቅም። በዕድር ስብሰባ፣ በገበያ ቀን፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ የሚሰጠው ትምህርት ይህን ሐፍረት ካልሰበረ የሚያገኘው ውጤት ትንሽ ነው።

ትምህርቱ ራሱም ጉድለት አለበት። ውኃ ለመቅዳት ረጅም መንገድ የምትጓዝን እናት ወይም በወረፋ ውኃ የሚያገኝን የከተማ ነዋሪ «ንጽሕናችሁን ጠብቁ» ማለት ብቻውን ፍሬ የለውም። ልብስ መቀቀያ ማገዶም ዋጋ አለው። ቅያሪ ለሌለው ሰው ልብስህን ቀቅል ማለት ደግሞ ራቁትህን ተቀመጥ እንደ ማለት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚመዘገበው በመኖሪያ ቀበሌ፣ በቤተሰብ ደረጃ ነው፤ የመክፈል አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች መዋጮም በመንግሥት ይሸፈናል። በረንዳ የሚያድር ወጣት ግን ቤተሰብም ቀበሌም የለውም። ለሥራ ከሌላ አካባቢ የመጣ የቀን ሠራተኛም መታወቂያው ሌላ ቦታ ነው። በሽታው ቀድሞ የሚይዘው እነዚህኑ ነው። የከተማ ጤና ጽሕፈት ቤትና ማዘጋጃ ቤት ተቀናጅተው የገላ መታጠቢያና የልብስ መቀቀያ ካላዘጋጁ፣ ዛሬ የታከመው ሰው በዚያው ልብሱ ወደዚያው መኝታ ይመለሳል።

የሰውነት ቅማል ግን ደካማ ጎን አላት። ከሰው ገላ ተለይታ ከሳምንት በላይ አትኖርም። ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሞቀ ውኃ እርሷንም እንቁላሏን፣ ማለትም ቅጫውንም ይገድላል። ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስም ይሠራል። ውኃና ማገዶ ካጠረ ልብሱንና ብርድ ልብሱን በማዳበሪያ ጆንያ አጥብቆ አስሮ ሁለት ሳምንት ያለ ሰው ማስቀመጥ ይቻላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቅጫው ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም የሚጠባው ደም አጥቶ ይሞታል። የማይመከረው ለማሳ ወይም ለጎተራ የተገዛ ፀረ ተባይ በልብስና በገላ ላይ መርጨት ነው። የቆዳና የትንፋሽ መመረዝ ያስከትላል፤ በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው። ለዚህ የሚሆን ዱቄት በጤና ባለሙያ በኩል ይሰጣል።

መኸሩ ሲደርስ በበቆጂ፣ በሳጉሬና በኢተያ ዙሪያ ኮምባይነር በማይወጣበት ተዳፋት ላይ ገብስና ስንዴ የሚያጭዱ ሠራተኞች ከየአቅጣጫው ይሰበሰባሉ። ብዙውን ጊዜ የሚያድሩት በአሠሪው ጎተራ ወይም ማእድ ቤት፣ አንድ ቆዳና አንድ ብርድ ልብስ ለሦስትና ለአራት ተጋርተው ነው። ከመካከላቸው አንዱ በድንገት ሲያተኩሰው አሠሪው ገበሬ ወደ ጤና ጣቢያ ሊልከው፣ አብረውት የተኙትንም ለባለሙያው ሊጠቁም ይገባዋል። ልብሳቸው ተቀቅሎ እስኪደርቅ ከቤቱ ቅያሪ ጋቢ ማዋስ ደግሞ ከአጨዳው አንድ ቀን ከመቅረት ይረክሳል።