የልብ ድካም እንዴት ይፈጠራል?

የአዋቂ ሰው ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ሰውነት የሚፈልገውን ያህል መርጨት ሲያቅተው፣ ወይም የሚረጨው በውስጡ ያለው ግፊት ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ብቻ ሲሆን፣ ሕመሙ የልብ ድካም ይባላል። በአንዳንዱ ሕመምተኛ ጡንቻው ሰንፎ በአንድ ምት ከያዘው ደም 40 በመቶውን እንኳ መግፋት ይሳነዋል፤ በሌላው ደግሞ መርጨቱ ደህና ሆኖ፣ ጡንቻው በመደንደኑ ደም መቀበል ያስቸግረዋል።

ጉዳቱን የሚያባብሰው ሰውነት ራሱን ለማዳን የሚያደርገው ጥረት ነው። ከልብ የሚወጣው ደም ሲቀንስ አድሬናሊንና መሰሎቹ የልብን ምት ያፈጥናሉ፣ ደም ስሮችንም ያጠብባሉ። ኩላሊት የሚደርሰው ደም ስላነሰ ሬኒን ያመነጫል፤ በዚህም አንጂዮቴንሲንና አልዶስቴሮን የተባሉት ሆርሞኖች ይበዛሉ፤ ጨውና ውሃ ከሰውነት ሳይወጣ ይቀራል። ደም ለፈሰሰው ወይም በተቅማጥ ለደረቀ ሰው ይህ ሁሉ ሕይወት አድን ነው። የታመመ ልብ ግን በጠበበው ደም ስር ላይ መግፋት፣ የተጠራቀመውንም ፈሳሽ መሸከም ይኖርበታል። ሆርሞኖቹ ሲቆዩ የልብን ጡንቻ በጠባሳ ይተካሉ፤ ልብም ሰፍቶ ቅርጹን ያጣል።

የግራው ልብ ሲደክም ደም ወደ ኋላ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ይታቆራል። ሕመምተኛው ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በኋላም ትራስ ሳይደራርብ መተኛት አይችልም። ድካሙ ወደ ቀኙ ሲሻገር የአንገት ደም ስር ይገተራል፣ ጉበት ያብጣል፣ እግርና ሆድ ውሃ ይይዛሉ።

በበለጸጉ አገሮች ሕመሙ በብዛት የአረጋውያን ሲሆን መነሻውም የደም ግፊትና የልብ ደም ስር መዘጋት ነው። በኢትዮጵያ፣ በገጠር ጭምር፣ ብዙ ወጣቶችን ለዚህ የሚዳርገው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የልጅን ጉሮሮ ሲያሳምም፣ ሰውነት ሊዋጋው ያዘጋጀው መከላከያ ተሳስቶ የልብ ቫልቮችን ያጠቃል። በግራው ልብ የላይኛና የታችኛ ክፍሎች መካከል ያለው ማይትራል ቫልቭ በጤናው ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ይከፈታል፤ ጠባሳው ከ1.5 በታች ሊያጠበው ይችላል። በዚህ ጊዜ የግራው ታችኛ ጡንቻ ደህና ሆኖ ሳለ ሳንባ በደም ይጨናነቃል። ሕመሙ ያለባት ሴት ስታረግዝ የደሟ መጠን ስለሚጨምርና የልቧ ምት ስለሚፈጥን፣ እስከዚያ ያልታወቀው ሕመም ድንገት ይፋ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሕክምናው ይህንኑ ሂደት ተከትሎ ይሄዳል። ፉሮሰማይድ የተጠራቀመውን ውሃ በሽንት ያስወጣል፤ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን የሆርሞኖቹን ሥራ ይገታሉ፤ ቤታ ብሎከሮች አድሬናሊንን ያግዳሉ። ጨው መቀነስም የግድ ነው፤ ቡና በጨው በሚጠጣበት ቤት ስኒውም መቆጠር አለበት። የጠበበ ቫልቭ ግን በክኒን አይከፈትም፤ በፊኛ ይሰፋል ወይም በቀዶ ሕክምና ይጠገናል። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተው የልብ ሕክምና ማዕከል፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት በመሠረቱት ድርጅት የተቋቋመው፣ ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድም ዕድል አለ። በባክቴሪያው የታመመ ጉሮሮ በወቅቱ ፔኒሲሊን ካገኘ ቫልቩ ብዙውን ጊዜ አይነካም፤ እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም። ሩማቲክ የልብ ሕመም አንዴ የያዘው ልጅ ደግሞ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወጋል።