አጥንት ይታገሣል፣ ጡንቻ አይታገሥም

በጃን አሞራ ወይም በበየዳ ፍየል ሲጠብቅ ከገደል ወድቆ ክንዱ ለተሰበረ ልጅ ቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወጌሻው እዚያው መንደር አለ፤ ቤተሰቡም ያውቀዋል። ደባርቅ ሆስፒታል ለመድረስ ግን በቃሬዛ ወይም በበቅሎ ተወርዶ መኪና መገኘት አለበት። ጎንደር ከዚያም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል።

ወጌሻው ስብራቱን ዳብሶ ያቃናል፣ በቀርከሃ ስንጥር ደግፎ ያስራል። ብዙ ጊዜ አጥንቱ ይገጥማል፤ ሙያው በንቀት የሚታይ አይደለም። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ግን ሴሎቹ ናቸው። ስብራቱ ላይ የፈሰሰው ደም ይረጋል፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ በጫፎቹ መካከል ልም አጥንት ይበቅላል። ኦስቲዮብላስት የተባሉት ሴሎች እሱን ወደ ጠንካራ አጥንት ይለውጡታል፤ ኦስቲዮክላስት የተባሉት ደግሞ ትርፉን እየበሉ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ቅርጹን ያስተካክላሉ። አጥንት ሲድን ጠባሳ ሳይሆን መልሶ አጥንት ይሆናል።

ጡንቻ እንዲህ አይደለም። የክንድና የቅልጥም ጡንቻዎች የማይለጠጥ ሽፋን ውስጥ ናቸው፤ አፉ እንደታሰረ ስልቻ። ከስብራት በኋላ ውስጡ ይደማል፣ ያብጣል። እብጠቱ መውጫ ስለሌለው ግፊቱ ይጨምራል፤ ጠብቆ የታሰረ ጨርቅ ሲታከልበት በጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ደም መዝለቅ ያቆማል። በዚህ ሁኔታ ጡንቻው ጥቂት ሰዓታት ከቆየ ሊመለስ በማይችል መልኩ ይጎዳል፤ የሞተው ክፍል ጠባሳ ሆኖ ይኮማተራል። ጣቶችን ቆልምሞ የሚያስቀረውን ይህን ጉዳት ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን በ1881 እ.ኤ.አ. ከጠባብ ማሰሪያ ጋር አያይዞ ገልጾታል። ሲብስ ጋንግሪን (የሥጋ መሞትና መበስበስ)፣ ከዚያም የእጅ ወይም የእግር መቆረጥ ይከተላል።

አሳሳቹ ነገር፣ ጡንቻው እየሞተም የእጅ አንጓ ላይ ትርታ ሊኖር መቻሉ ነው። ስለዚህ ትርታውን ሳይሆን ሕመሙን መስማት ይሻላል። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ሌላ ሰው ጣቶቹን ሲዘረጋለት ልጁ ከጮኸ፣ ወይም ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ማሰሪያው እስከ ቆዳው ድረስ ወዲያው ተፈትቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። «ቻለው፣ ሲድን ነው የሚያመው» የሚለው ምክር እጅ ያሳጣል። የሆስፒታል ጄሶም ቢሆን ከጠበበ ያው ነው።

ሐኪሙ መኮንን እሸቴ በ2005 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ለወጌሾች የተሰጠን የአንድ ቀን ሥልጠና ይመለከታል። ከሥልጠናው በፊትና በኋላ የነበሩት ሁለት ሁለት ዓመታት ሲነጻጸሩ፣ ሥልጠናው በተሰጠበት አካባቢ ባለ ሆስፒታል በጋንግሪን ምክንያት እጅ ወይም እግራቸው የሚቆረጥ ሰዎች ቁጥር በጉልህ ቀንሷል። ወጌሻን መከልከል ከንቱ ልፋት ይመስለኛል። ለዳባትና ለደባርቅ ወጌሾችም ልል አድርጎ ማሰርን፣ በማግሥቱ ተመልሶ ማየትን፣ አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣንና አከርካሪው የተመታን ሰው ሳይነካኩ ማስተላለፍን ለማስተማር አንድ ቀን ይበቃል።